በቀን ብርሃን ይታይ

ለንባብ፦ የዮሐንስ ወንጌል 3፥19-21



ቀለም ቀቢ ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የሰው ቤት እየቀባሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ነገር አንዱ «ግድግዳዬ የተቀባው በአንዱ ድርጅት ቀለም ነው፤ ከሌላው ድርጅት ገዝቼ ማመሳሰል እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ስሙን ወይም ቁጥሩን ይዞ በመሄድ ብቻ አይደለም። ጌታ በዚህ ሥራ በኩል ያስተማረኝን አንድ ነገር ዛሬ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። እያንዳንዱ ድርጅት ለቀለሞቹ የራሱን ስም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1866 የተመሠረተው ሸርዊን ዊሊያምስ «አግሪየብል ግሬይ» የሚለው፣ ቁጥሩ 7029 የሆነ፣ ሞቅ ያለ ፈዛዛ ግራጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ1883 የተመሠረተው ቤንጃሚን ሙር ደግሞ «ሪቪየር ፒውተር» የሚለው አለው። ሰው ሁለቱንም በአንድ ቃል «ፈዛዛ ግራጫ» ይላቸዋል። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን ሁለተኛው ጠቆር ይላል። አገር ቤትም «ክሬም ቀለም ስጠኝ» ያለ ሰው የትኛው ክሬም እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

ቀጥሎ ስለ ቅመራው። በቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በነጩ ቤዝ ውስጥ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ ማቅለሚያ ስንት የአውንስ ክፍልፋይ እንደተጨመረ ይናገራል። ታዲያ ያንን ወረቀት ይዞ ሌላ መደብር ሄዶ «ይህንኑ ቀምሙልኝ» ማለት አያዋጣም። የዚያኛው ቤት ቤዝም ማቅለሚያም ሌላ ነውና። የእናቴ ቤት አንድ ማንኪያ በርበሬ ከጎረቤት አንድ ማንኪያ በርበሬ ጋር እኩል አያቃጥልም፤ እንደዚያው ነው።

ስለዚህ የቀለም መደብሮች ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባል መሣሪያ አላቸው። ናሙናው ላይ ብርሃን ይለቅና ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ብርሃን ውስጥ ከየክፍሉ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣ ይለካል። ኮምፒውተሩም በራሱ ቤት ቤዝና ማቅለሚያ ወደዚያ የሚቀርበውን ቅመራ ያወጣል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ቢሆንም አንድ ትልቅ ችግር ይቀራል፤ በሙያው ቋንቋ ሜታመሪዝም ይባላል። ሁለት ቀለሞች በአንድ መብራት ሥር አንድ ዓይነት ይመስሉና በሌላ ብርሃን ይለያያሉ። ምክንያቱ ውስጣቸው ነው። አንዱ ግራጫውን ያገኘው ከጥቁር፣ ከቢጫና ከቀይ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ከቡናማ። የቤት አምፖል ቢጫና ቀይ ብርሃን ይበዛዋል፣ ሰማያዊው ያንሰዋል። የቀን ብርሃን ግን ሁሉንም ይዞ ስለሚመጣ ማታ የተደበቀውን ልዩነት ያወጣዋል።

ይህ ነገር ከቤተ ክርስቲያናችን ቤተሰቦች አንዱን ፈትኗቸው ነበር። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ኪራዩ ወደሚቀንስ አፓርትመንት ሊዛወሩ ነው። የሚለቁት ቤት ዲፖዚት ካልተመለሰላቸው የአዲሱን ቤት የመጀመሪያ ወር ኪራይ የሚከፍሉበት ገንዘብ የላቸውም። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበትን ብረት ሲነቅሉ ግድግዳው ተቦደሰ። በስቱኮ ደፈኑት። ቁም ሳጥን ውስጥ የሕንፃው ሠራተኞች የተዉት የቀለም ክዳን ተገኘ፤ ቁጥሩ ይነበባል። ያ የቀለም ዓይነት ግን ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ በአቅራቢያቸው ካለ የሌላ ድርጅት ቀለም መሸጫ ገቡ፤ ሻጩም ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ ተመሳሳዩን ቀመመላቸው። ማታ ሲቀቡትና ሲደርቅ ምንም አይታይም። ጌታን አመስግነው ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስትየው ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ማታ ያልነበረ ነገር ጠዋት ግድግዳው ላይ ወጣ!» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። የመሶብ ክዳን የሚያህል ቦታ አረንጓዴ ነገር ይዟል።

አንድ ወዳጃቸው መላ አመጣ። «ማናጀሩ አርብ ከሥራ በኋላ፣ ማታ መጥቶ እንዲያይ ቀጠሮ ያዙ። መጋረጃውን ዝጉ፣ መብራቱን አብሩ። ማን ያውቃል?» አላቸው። ባልየው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ውሸት አንናገርም እኮ። ዝም ነው የምንለው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ የሚያስፈራውም ነገር እውነተኛ ነው። ከእኔ ቀድማ ሚስቱ መለሰችለት፦ «ከእኛ በኋላ የሚገባው ሰው ግን ጠዋት ይነሣል እኮ።» ባልየው ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ቀጠሮውን ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት አስያዘ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነበር። የክዳኑን ቁጥር ተውነው፤ ግድግዳው ለዓመታት ፀሐይ መትቶት፣ እጅ ነክቶት፣ ከመጀመሪያው ቀለሙ ርቋል። ከዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከተቦደሰው አጠገብ፣ የሳንቲም ስፋት ያላት ቅርፊት በምላጭ አንሥቼ ወሰድኩ። መሣሪያው ለካት፣ ሻጩ ቀመመ፣ ካርቶን ላይ ቀብተን እስኪደርቅ ጠበቅን። የውኃ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ይላል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በእርጥቡ መፍረድ አይገባም። አሁንም በመስኮት ብርሃን ትንሽ አረንጓዴ ነበረበት። ቀይ ማቅለሚያ በጥቂቱ ተጨመረ። እንደገና አደረቅን፣ እንደገና በመስኮትም በአምፖልም አየን። አንጸባራቂነቱንም ካሮጌው ጋር አመሳሰልን፤ ያው ቀለም ማት ሲሆን የፈዘዘ፣ ሲያብረቀርቅ ደግሞ የጠለቀ ይመስላልና።

ያም ሆኖ ፍጹም አንድ አልሆነም። ከተለያየ ቤዝ የወጡ ቀለሞች በሁሉም ብርሃን አንድ ይሆናሉ ብዬ ለማንም ቃል አልገባም። ስለዚህ የተደፈነውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን በሙሉ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቀባነው። ማዕዘን ላይ ሁለት ግድግዳዎች ብርሃን የሚያገኙት በተለያየ አቅጣጫ ስለሆነ ትንሿን ልዩነት ዓይን አይዛትም። በስቱኮው ላይ አስቀድመን ፕራይመር አድርገን ነበር፤ አለዚያ ስቱኮው ቀለሙን መጥጦ ከጎን ሲታይ ይደበዝዝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማናጀሩ መጣ። ባልየው «ይህ ግድግዳ ተቦድሶ ነበር፤ ደፍነን ሙሉውን ራሳችን ቀብተነዋል» ብሎ ነገረው። ማናጀሩ ቀረብ ብሎም ራቅ ብሎም አየና አለፈ። በኋላ ከዲፖዚቱ ላይ የምንጣፍ ማጽጃ ቆረጡባቸው፤ ለግድግዳው ግን ምንም አልቆረጡም። የጎደለውን ለማሟላት ባልየው ያን ወር ተጨማሪ ፈረቃ መሥራት ነበረበት።

ወገኖቼ፣ ጌታ ኢየሱስ ለኒቆዲሞስ የተናገረው ቃል በዚህ ጉዳይ ብዙ ያሳስበኛል። ኒቆዲሞስ የመጣው በሌሊት ነበር። ጌታ አላባረረውም። ነገር ግን ክፉ የሚያደርግ ሥራው እንዳይገለጥ ብርሃንን እንደሚሸሽ፣ እውነትን የሚያደርግ ግን ወደ ብርሃን እንደሚመጣ ነገረው። ልብ በሉ፤ ነውር የሌለበት ብቻ ይምጣ አላለም። ያ ቤተሰብም ግድግዳው ንጹሕ ስለነበረ አይደለም ጠዋትን የመረጠው። የተቦደሰ ግድግዳ ይዘው ነው የመረጡት።

እኛስ? እሑድ በጉባኤው መብራት ሥር ሁላችንም አንድ ቀለም እንመስላለን። መዝሙሩን እናውቃለን፣ አሜን የሚባልበትን ቦታ እናውቃለን፣ ስማችንም ክርስቲያን ነው። ሰኞ በሥራ ቦታ፣ በገንዘብ ጉዳይ፣ በቤታችን ውስጥ ያለው ብርሃን ግን ሌላ ነው። እዚያ ልዩነት ሲወጣ የመጀመሪያ ሐሳባችን መጋረጃ መዝጋት ይሆናል። ወደ ብርሃን መምጣት ዋጋ እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። አንዳንዴ ዲፖዚት ያስከፍላል።

ገና እየፈለግህ ያለህ ወንድሜ፣ ገና እየፈለግሽ ያለሽ እህቴ፤ «መጀመሪያ ራሴን ላስተካክልና እመጣለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ ተበላሽቷል የምትሉትን ይዛችሁ እንዳላችሁ ኑ። ኒቆዲሞስን በሌሊት የተቀበለው ጌታ እናንተንም ይቀበላችኋል።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ የሸፈንነውን አንተ ታየዋለህ። ወደ ብርሃንህ ለመምጣት ድፍረት ስጠን፤ እውነት ዋጋ ሲያስከፍለን ደግሞ አብረኸን ሁን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።