ከሲቀላ እስከ ኾር ፈካን፦ ራኬት ይዤ የሄድኩበት ዕረፍት



ባለፈው ጥር አራት ቀን ከባሕር ጠረፍ ላይ ፓደል ስሠለጥን አሳለፍኩ። ሲቀላ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ሦስት ጥያቄ ነው የወረወሩብኝ። አንዱ «ፓደል ደግሞ ምንድነው?» አለ። ሌላው «ባሕር ዳር? አገር ቤት መቼ ገባህና?» ብሎ ጣና ድረስ ሄደ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆየና «ስንት ፈጀብህ?» አለኝ። ዋናው ጉዳይ የሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ግን የቀሩትን ሳልነካ ባልፍ አያምርም።

ፓደል የቴኒስ ታናሽ ወንድም በሉት። ሜዳው 20 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ዙሪያው በመስታወትና በሽቦ ይታጠራል። ሁለት ለሁለት ነው የሚጫወቱት። ራኬቱ ክር የለውም፣ ሲያዩት ወፍራም የተበሳሳ መክተፊያ ይመስላል። ጨዋታው የሚጀመረው ኳሷን አንጥሮ ከወገብ በታች በመምታት ስለሆነ የጡንቻ ጉዳይ አይደለም። ኳሷ መሬት ነጥራ ግድግዳ ብትመታም ጨዋታው ይቀጥላል። ሰፈር ውስጥ ኳስ በሰው ግንብ ላይ እያነጠረ፣ በባለቤቱ እየተሰደበ ያደገ ልጅ ሥልጠናውን ግማሽ ጨርሷል ማለት ነው።

ጨዋታው በ1969 ሜክሲኮ ውስጥ አካፑልኮ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ነው የተጀመረው። ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የሚባል ሀብታም ግቢው ውስጥ ሜዳ ሠርቶ በግድግዳ አጠረው። በ1974 አንድ ወዳጁ ወደ ስፔን፣ ማርቤያ ወሰደው፤ እሷም የባሕር ጠረፍ ናት። ዛሬ የባሕረ ሰላጤው አገሮች አብደውበታል። የዓለም ሻምፒዮናው በ2021 ዶሃ፣ በ2022 ዱባይ ነበር የተካሄደው።

እኔ የምሠራው ዱባይ፣ አል ቆዝ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ነው። ካርቶን አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ፣ እቆጥራለሁ። ከኛ አጠገብ የነበረው መጋዘን አንድ ቀን ባዶ ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ምንጣፍና መስታወት ገባበት። የፓደል ሜዳ ሆነ። ፓደል ሦስት ሰው ይዞ አይሆንም፣ አራት ይፈልጋል። አንድ ምሽት አራተኛው ሰው ቀረባቸውና አብሮኝ የሚሠራው ሶሪያዊ በሩ ላይ ቆሞ «ና፣ ሙላልን» አለኝ። የሥራ ጫማዬን እንዳደረግሁ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ምሽት አራተኛው ሰው እኔ ነኝ።

ጥር ላይ ለአሥራ ሁለት ሰው የተዘጋጀ የጀማሪዎች ሥልጠና ኾር ፈካን አለ ብሎ የነገረኝም እሱ ነው። ኾር ፈካን የሻርጃ ናት፣ ግን ከሻርጃ ከተማ ተነጥላ ተራራው ማዶ፣ በኦማን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው ያለችው። በ2019 የተከፈተው መንገድ የሐጀርን ተራራ በዋሻ በዋሻ ይበሳዋል። ድንጋይ፣ ዋሻ፣ ድንጋይ፣ ከዚያ ድንገት ባሕር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትመጡ ዐባያ በግራ በኩል ብቅ የሚልበትን ቦታ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው ልቤ የዘለለው። ልዩነቱ ዐባያ ቡናማ ነው፣ ይሄኛው ሰማያዊ።

የሲቀላ ልጅ ስለ ውኃ የሚናገረው አያጣም። ከሁለት ሐይቆች አጠገብ ነው ያደግነው፤ ግን ጫሞን በሩቅ ነው የምናውቀው። ዓሣው ኮተሌት ሆኖ ከዳጣ ጋር ይቀርብልናል፣ እንግዳ ሲመጣ አዞ ለማየት በጀልባ እንወስደዋለን፤ ሱሪ ሰብስቦ ዘው ማለት ግን የለም። አዞው የሚቀልድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ እግሬን ባሕሩ ውስጥ ስነክር ዓይኔ ዝም ብሎ አዞ ይፈልግ ነበር። ሶሪያዊው ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሥልጠናው የሚጀመረው ሱብሒን በጀማዓ ሰግደን፣ ጀምበር ስትወጣ ነው። ሁለት ሰዓት እንሠለጥናለን። እኩለ ቀን ዕረፍት፣ ከአስር በኋላ እንደገና እስከ መግሪብ። ሴቶቹ የራሳቸው ሰዓትና የራሳቸው አሰልጣኝ ነበራቸው። የኛ አሰልጣኝ አርጀንቲናዊ ነው፤ ሶላት አይሰግድም፣ ግን በሁለተኛው ቀን አዛን ሲሰማ ኳሶቹን ራሱ መሰብሰብ ጀመረ።

አራቱን ቀን በሙሉ የደጋገመልን አንድ ነገር ነው። ኳስ በኃይል ስትመጣባችሁ አትቅለቧት፣ ዞር በሉና አሳልፏት። ግድግዳውን መትታ፣ ኃይሏ በርዶ ስትመለስ ያኔ ምቷት። ሲነገር ቀላል ነው። ሰውነት ግን እሺ አይልም። መጋዘን ውስጥ የሚወድቅ ካርቶን ሳይወድቅ መያዝ የለመደ እጅ ኳስን ማሳለፍ ሞት ይመስለዋል። ፓኪስታናዊው የታክሲ ሹፌርም እንደኔ ነበር፣ ሁሉንም ኳስ በአየር ይቀልባል። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አንዷን አሳለፍኳት። መስታወቱን መትታ፣ ቀስ ብላ፣ ወገቤ ላይ መጣችልኝ። ከላይ አድርጌ ወደ ኋላቸው ላክኋት። ነጥብ! ሹፌሩ በኡርዱ የጮኸው ነገር ትርጉሙ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ያለውን የቢድያ መስጂድ ሄደን ዙህር ሰገድን። አገሪቱ ውስጥ እስካሁን ከሚሰገድባቸው ሁሉ አንጋፋው ነው፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ መሃሉ በአንድ ምሰሶ የተደገፈ፣ ጉልላቶቹ ትንንሽ። በሰማይ ጠቀስ ፎቆች መሃል ለከረመ ሰው እዚያ መስገድ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የወጣው ብር በወር ወደ ቤት ከምልከው ጋር እኩል ነው። ወላሂ ይህን ቁጥር ብዙ ቀን ሳገላብጠው ነበር የቆየሁት። ከነሐሴ ጀምሮ ከምሳዬና ከስልክ ካርዴ እየቀነስኩ ነው ያጠራቀምኩት፤ ጥርም ቢሆን የእናቴ ወርና የታናሽ እህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀድሞ ነው የሄደው። ለእናቴ ስደውልላት መጀመሪያ ያለችኝ «ልጄ፣ ታመህ ነው?» ነበር። ሥራ ያልገባ ሰው ለሷ የታመመ ነው። አልፈረድኩባትም። እኛ ስደተኞች ዘንድ ዕረፍት ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፦ ሕመም ወይም አገር ቤት መግባት።

አገር ቤት መግባት ደግሞ ዕረፍት ነው የሚል ሻንጣ አላሸገም ማለት ነው። ኪሎ ትቆጥራለህ፣ የጫማ ቁጥር ትጽፋለህ፣ ለእገሌ ስልክ ለእገሊት ሽቶ ትላለህ። ሲቀላ ስትደርስ ከባጃጅ ሳትወርድ የሚበደርህ ይጠብቅሃል። ደስታ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ከሥራ በላይ ያደክማል። እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ ወገቤ ግን ሌላ ዕድሜ ያወራል። ሰውነት በኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ቁርኣን ቤት ሳለን ጀምሮ ሲነገረን ነው ያደግነው፤ ሐቁን የምንከፍልበት ወር ግን ማንም አልነገረንም። ለሦስተኛው ጓደኛዬ መልሴ ይሄ ነው፦ ፈጅቶብኛል፣ ቢደገምም እሄዳለሁ።

ይህን በልበ ሙሉነት ለጓደኞቼ ስናገር፣ ለአንዲት ሰው ግን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ። የሰፈሬ ልጅ ናት፣ አቡ ዳቢ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሦስት ዓመቷ ነው። ፎቶዎቼን አይታ ስትደውል ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ወንድሜ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ውኃው ይቀዘቅዛል?» አለችኝ። አቡ ዳቢ እኮ ራሷ ደሴት ናት፤ እሷ ግን ባሕሩን የምታውቀው ልጆቹን ትምህርት ቤት ስታደርስ በመኪና መስኮት ነው። የአገሪቱ ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ወረቀቱን ፈልጌ በዓረብኛውና በእንግሊዝኛው ላክሁላት፣ ውሏ ሊታደስ ሁለት ወር ሲቀረው። ለማዳም አሳይታለች። «ባባ ሲመጣ እናወራለን» ተብላለች፤ ባባ ከመንገድ አልተመለሰም።