ካርታው አለ፣ መኪናው የለም

ይህቺን ነገር ለመጻፍ ትንሽ አፍሬ ነበር። ግን እኔ የተሸወድኩበት ሌላው እንዳይሸወድ ብዬ ይኸው ጻፍኳት።

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቴ ልጇን እኔ ጋ ትታ ነው የሄደችው። ልጁ ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ሲያልፍ "የሚፈልገውን ጠይቅልኝ" አለችኝ። የፈለገው የከባድ መኪና ጌም ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የመኪናው ፎቶ ከላይ የተለጠፈበት፣ "8 በ1፣ 85 በመቶ ቅናሽ" የሚል ጥቅል አገኘሁ። እኔ በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ሊንኩን ላኩላት፤ ከፈለች።

ማታ ከልጁ ጋር ከፈትነው። ከ8ቱ ጌም የሚባሉት 2 ብቻ ናቸው፤ እነሱንም የጠየቀ የለም። የቀሩት 6ቱ ዲኤልሲ ናቸው፤ ማለትም ሌላ ጌም ላይ የሚጨመሩ ነገሮች፦ የመኪና ቀለም፣ ሙዚቃ፣ አዲስ የአገር ካርታ። ዋናው የመኪና ጌም ግን የለም! ገጹ ታች በደቃቅ ፊደል "ለመጫወት ዋናው ጌም ያስፈልጋል" ይላል። አላነበብኩትማ። ተማሪን "ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብብ" እያልኩ የምቆጣው ሰውዬ! ኮዶቹን ስለከፈትናቸው ገንዘቡም አይመለስም ተባልኩ።

ዲኤልሲ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ዊቸር 3 በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 16 ትንንሽ ተጨማሪዎችን በነጻ ሰጥቷል፤ በ2016 የመጣው ብለድ ኤንድ ዋይን ደግሞ ራሱን የቻለ ጌም ያህላል። በሌላ በኩል ኦብሊቪየን በ2006 የፈረስ ጥሩር ብቻ በ2 ዶላር ተኩል ገደማ ሲሸጥ ብዙ ተጫዋች ስቆበታል። ጥቅል ውስጥ ሲገቡ ግን ትልቁም ትንሹም እኩል "አንድ ዕቃ" ተብለው ይቆጠራሉ። ማንም ለብቻው የማይገዛው ቀለም ሳይቀር በሙሉ ዋጋው ይደመርና ከዚያ ላይ ቅናሹ ይሰላል። 85 በመቶው የሚያስጎመዠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ቁጥሩን ተዉት። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ክፈቱና "ዋናው ጌም አለ ወይ?" በሉ። የምትፈልጉትን ብቻ ለብቻው ብትገዙ ስንት እንደሚሆን አስሉ። "ኮምፕሊት" የሚባለው እትም ብዙ ጊዜ ዋናውንም ተጨማሪዎቹንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ቢሆንም እሱንም አንብቡት።

ለእህቴ እንዴት ብዬ ልንገራት እያልኩ ሁለት ቀን ዘገየሁ። ልጁ ቀደመኝ። በስልክ "እማ፣ ካርታው አለኝ፤ መኪናው ብቻ ነው የቀረው" አላት። እሷ ስቃ "ስንት ነው፣ ልላክ?" አለች።

አይሆንም አልኳት። የእሷ ብር በምን እንደሚገኝ አውቃለሁ። ካርድ ያለው ጓደኛዬን አስቸግሬ መኪናውን እኔ እገዛለሁ። በዚህኛው ግን እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ።