ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው

ቀይ እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ ቀጠሮ አያውቅም። ጠዋት በገደብ ቀበሌዎች የተለቀመው በዚያው ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ደርሶ ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ጌዴኦ ውስጥ በባንክ ብድር የጭነት መኪና የገዛ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚሠራው ሥራ ነው። እኔም አዲሷን መኪና በመስከረም የገዛሁት ለዚሁ ብዬ ነበር። ዋስትናው አንድ ዓመት ነበር።

የመጀመሪያው ሞተር ኅዳር ላይ በዲላና በወናጎ መካከል ተንኳኩቶ ቆመ። መኪናዋ በሌላ መኪና ተጭና 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ገባች። ብሮንዚናው ተበልቷል ተባለ። ሻጩ ያን ጊዜ ሳይከራከር ሞተሩን ቀየረ፤ መኪናዋ ስትመለስ ግን መኸሩ አልቆ ነበር። ሁለተኛው ሞተር በሐምሌ፣ ቡና በማይጫንበት ወር፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ተንኳኩቶ ሞተ።

ያኔ ክሱ ወደ እኔ ዞረ። የሻጩ ሰዎች ከልክ በላይ ጭነሃል አሉኝ። ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ሲረከብ ሚዛን ላይ አውጥቶ ኪሎውን ጽፎ ይሰጣል፤ የእያንዳንዱን ጉዞ ወረቀት ደርድሬ አቀረብኩ። ውጭ ጋራዥ አስነክተሃል አሉኝ። ዘይትና ፊልትሮ የተቀየረው ሁሌም ሐዋሳ ባለው ወኪላቸው ስለነበረ የራሳቸውን ደረሰኝ አሳየኋቸው። ቀጥሎ ነዳጁ ቆሻሻ ነው ተባለ። አንዱን ስመልስ ሌላ ጠረጴዛ ይመሩኛል፤ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ ከቀድሞው ጋር የተነጋገርነውን አያውቅም። በጌዴኦ ሶንጎ ላይ ተበዳይና በዳይ በሽማግሌዎች ፊት ይቀመጣሉ፤ የተናገረ ሰው ቃሉን ይዞ እዚያው ይገኛል። እኔ ግን የማናግረውን ሰው እንኳ ማግኘት አቃተኝ።

ሌላም ነገር ነበረ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ከተገጠመው ጋር አይገጥምም። ቁጥሩን ለማስቀየር የአዲሱ ሞተር የጉምሩክ ሰነድና የሻጩ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እሱ እስኪመጣ መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ብትቀርብ አታልፍም። ከሁሉ የከፋው የዋስትናው አቆጣጠር ነበር። የተተካው ሞተር የራሱ ዋስትና የለውም፣ ዋስትናው የሚቆጠረው መኪናዋ ከተገዛችበት ቀን ነው አሉ። መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ የቆመችበት ጊዜ ሁሉ ከእኔ ዋስትና ተቀነሰ።

ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላ ሦስተኛው ሞተር የተገጠመው በጳጉሜን ነው። በጥቅምት፣ እሸት እንደተጫነ፣ ዳገት ላይ ቆመ። ሌላ መኪና እስኪገኝ መሸ፤ ጣቢያውም አልቀበልም አለ። ቡናው ደርቆ በጀንፈል ዋጋ ተሸጠ። ገበሬዎቹ አምነው በዱቤ የሰጡኝ ስለነበር ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ለሻጩ ስደውል ዋስትናህ በመስከረም አልቋል የሚል መልስ ሰጡኝ።

ዲላ ያለ ጠበቃ ነው የረዳኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ የሚሰጠው 15 ቀን ነው፤ ለእኔ አልጠቀመም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ገዢው ጉድለቱን ለሻጩ ካስታወቀ በኋላ ለመክሰስ አንድ ዓመት ይሰጠዋል፤ ይህን ጊዜ በውል ማሳጠርም አይቻልም። የመጀመሪያው ሞተር ሲቆም በኅዳር ለሻጩ የላክሁት ማመልከቻ የተቀበሉበት ማኅተም አርፎበት እጄ ላይ ነበር። ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ክሱን አስገባን።

ፍርድ ቤቱ መኪናዋ በገለልተኛ ባለሙያ እንድትመረመር አዘዘ። ባለሙያው ከሞተሩ ይልቅ የዘይት ማቀዝቀዣውን ፈታ። የመጀመሪያው ሞተር ብሮንዚና ሲበላ የረገፈው የብረት ብናኝ ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሻጩ ሁለት ጊዜ ሞተር ሲቀይር እነዚህን አልቀየረም፣ አላጠበምም። አዲስ ሞተር በተገጠመ ቁጥር ብናኙ ከዘይቱ ጋር ገብቶ አዲሱን ብሮንዚና ይበላል። ያን ሁሉ ጊዜ ጭነትህ ነው፣ ነዳጅህ ነው ሲሉኝ ምክንያቱ በራሳቸው እጅ የተመለሰ ዕቃ ውስጥ ነበር። ሪፖርቱን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ንዴትም እፎይታም ነበር።

ፍርድ ሳይሰጥ ሻጩ እንታረቅ አለ። አራተኛው ሞተር ከአዲስ ማቀዝቀዣና ቱቦ ጋር ተገጠመ። ዋስትናው ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት መሆኑ በጽሑፍ ሰፈረ፤ የሊብሬው ደብዳቤም ወጣ። ባንኩ መኪናዋን በሐራጅ ለመሸጥ ማስጠንቀቂያ ልኮ ስለነበር ፈረምኩ። መኪናዋ ዛሬም በዲላና በገደብ መካከል ትሠራለች። የሁለቱን መኸር ገቢና ለገበሬዎቹ የከፈልኩትን ልዩነት ግን ስምምነቱ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም።