ከእሳቱ በፊት

በዴቪድ አየር አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበው «ዘ ቢኪፐር» (ንብ አናቢው) የተሰኘው የአሜሪካ የወንጀል ፊልም፣ የበቀል ታሪኩን የሚጀምረው ከአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ነው። ኤሎይዝ ፓርከር ኮምፒውተሯ እንደ ተበላሸ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አይታ ስልክ ትደውላለች። አንደበተ ርቱዕ አጭበርባሪ እረዳሻለሁ እያለ የራሷንም ሆነ በአደራ የያዘችውን የበጎ አድራጎት ገንዘብ፣ በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዘርፋታል። ኤሎይዝ ኀፍረቱን አልቻለችውም፤ ለማንም ሳትናገር ራሷን ታጠፋለች። ተከራይዋ ንብ አናቢው የዘራፊዎቹን ቢሮ በእሳት ሲያጋየው የተመልካች አንጀት ይርሳል። ይሁን እንጂ እሳቱ ሟቿን አያስነሣም።

በዚያው ዓመት የታየው የጆሽ ማርጎሊን «ቴልማ» ሌላ መንገድ ይከተላል። የ93 ዓመቷ ቴልማ፣ የልጅ ልጅሽ ነኝ፣ ታስሬአለሁ ላላት ሌባ 10,000 ዶላር በፖስታ ትልካለች። መታለሏን ቤተሰቧ ያውቃል፤ አልተደበቀችም። ተበቃይም ሳትጠብቅ ከሽማግሌ ወዳጇ ጋር ገንዘቧን ፍለጋ ትወጣለች።

ሁለቱም ሴቶች ተታለዋል። የለያቸው ኀፍረትን ብቻ መሸከም ነው። አረጋውያን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሹት ዘግይቶ የሚደርስ ጀግና ሳይሆን፣ «ይቆዩ እማማ፣ እስቲ አብረን እንየው» የሚል፣ ከተታለሉም በኋላ የማይሥቅባቸው ሰው ነው።