ደጋ የለመደ እግር ውኃ ዳር ሲቆም

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ እንግዳ ከውጭ አገርም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ደባርቅ ላይ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሳይረግጥ አያልፍም። ስሙ ይመዘገባል፣ ክፍያውን ይከፍላል፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል። የት የት እንደሚያድርና በስንተኛው ቀን እንደሚመለስ ይታወቃል። እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ጭጋግ ቢወርድበት፣ ራስ ዳሽን ሥር ብርድ ቢያንቀጠቅጠው፣ የገባበትን የሚያውቅ ሰው አለ። ደባርቅ ይህን ሥርዓት ለዓመታት ስትሠራበት ኖራለች፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉ ተራራ በዘፈቀደ እንደማይወጣ ያውቃል።

ያው እንግዳ ተራራውን ጨርሶ ሁለት ቀን ሲተርፈው ወደ ጣና ይወርዳል። ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር ጎርጎራ ደግሞ ስልሳ ያህል ነው። እዚያ ጀልባ ሲሳፈር ግን ነገሩ ይለወጣል። ላይፍ ጃኬት ቢኖር እንኳ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ ነው የሚገኘው። መዋኘት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ በስንት ሰዓት መመለስ እንዳለበት ልብ ብሎ ዳር ላይ የሚጠብቅ ሰውም እምብዛም አይገኝም። አብሮት የወረደው የደባርቅ ወይም የዳባት ልጅም ከእሱ አይሻልም። ገደል አፍ ላይ እንዴት እንደሚቆም ከሕፃንነቱ ያውቃል፤ ጥልቅ ውኃ ዳር ግን አላደገም።

ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው። ደባርቅ ለተራራው ያበጀችውን ሥርዓት ውኃውም ይፈልገዋል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ዕቃም ያን ያህል ብዙ አይደለም።

ለነገሩ ውኃው ሩቅ አይደለም። ከጊጭ አጠገብ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወረወረው ጅንባር፣ ወደ ራስ ዳሽን የሚያቀና ተጓዥ ከቧሂት ወርዶ የሚሻገረው መሸሃ፣ ከሊማሊሞ ግርጌ የሚያልፈው ዛሪማ፣ ሁሉም ዞረው ዞረው ተከዜ ይገባሉ። በበጋ አብዛኞቹን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ፣ ጫማ ሳያርሱ ማለፍ ይቻላል። አደጋውም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ በጥር የተናቀ ወንዝ በነሐሴ ሌላ ወንዝ ነው።

ቆላው ላይ ፀሐይ ጠራርጋ እየወጣች፣ ደጋው ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ከሊማሊሞ አናት እስከ ዛሪማ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ዝናቡ ድንጋያማውንና የተራቆተውን ተዳፋት ታክኮ፣ ውኃ የሚመጥ አፈር ሳያገኝ፣ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ታች ያለው ሰው ደመና እንኳ ላያይ ይችላል። ምልክቶቹን ግን የወንዝ ዳር ሰው ያውቃቸዋል፦ ጠርቶ ይፈስ የነበረው ውኃ በድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ከላይ በኩል የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ዕቃ ለመሰብሰብ ጊዜ የለም። መንጠቆውንም፣ ቦርሳውንም፣ ጫማውንም ትቶ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን መትከልም ሆነ በክረምት ወንዝ መሃል ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ማጥመድ ሊታሰብ የማይገባው ለዚህ ነው።

ስንት ውኃ ሰው ይጥላል? የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለሕዝብ የሚያስተምረው ቁጥር ብዙዎችን ያስደነግጣል። በፍጥነት የሚወርድ ጎርፍ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አዋቂን ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። «ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነው» የሚባለው ወንዝ እንግዲህ ቀላል ወንዝ አይደለም። ደራሽ ደግሞ እንደመጣ ቶሎ ይጎድላል። ሁለት ሦስት ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ገበያ ያሳልፍ ይሆናል፤ ከዚያ የበለጠ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

በወንዝ የተፈተኑ ሰዎች ታሪክ በጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዙ መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ትልቅ ጉዞ ዓባይን በጀልባ ሲወርድ አንድ ወታደሩን አጥቷል። ሰውየው ኢያን ማክላውድ ይባላል፤ የሞተውም በዓባይ ፏፏቴዎች ሳይሆን አንድ ገባር ወንዝ ለመሻገር ሲዋኝ ነው። በአገራችን ወንዞች በላስቲክ ጀልባ የቀዘፈው አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሮና ዓባይ ላይ ጓደኞቹን አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሰሜንን ዞሮ የሚያልፈውን ተከዜን በጀልባ ወርዶ ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እነዚያን ሞቶች መለስ ብሎ ያነሳቸዋል። እነዚህ ሰዎች ጃኬት፣ ገመድና ሥልጠና የነበራቸው ናቸው። የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፍቶ የሞላ ወንዝ ውስጥ ለሚገባ ወጣት የእነሱ ታሪክ ብዙ ይነግረዋል። ከመነዳሪ ከሰውነት ጋር አይታሰርም፤ እጅ ሲደክም ያመልጣል፤ አንድ እሾህም ይበቃዋል።

ተከዜ ራሱ ተለውጧል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከኋላው የተኛው ሐይቅ ሸለቆ ለሸለቆ ወደ ዋግ ኽምራ ዘልቋል። ትናንት ፍየል ያግድ የነበረ የቆላ ወጣት ዛሬ ጀልባና መረብ ይዞ ዓሣ ያሰግራል። ጥሩ እንጀራ ነው። ነገር ግን ገደል ውስጥ የተኛ ሐይቅ እንደ ጣና ዳርቻ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ከዳር አንድ እርምጃ ያህል ገባ ሲሉ እግር መሬት ያጣል። ይህን ሐይቅ ከአባቱ የወረሰ ሰው ስለሌለ፣ የሚያስጠነቅቅ ሽማግሌም የለውም።

ጣና ግን ባለቤቶች አሉት። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ሞገዱ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ጀልባን በጎን ይመታል። ወይጦዎችና የደሴቶቹ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጠዋት ውኃው ረጋ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ስለዚህ ጎርጎራ ላይ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ 5 ሰዓት ሳይሞላ ዳር ቢደርስ ይሻለዋል። መሃል ላይ ነፋስ ከያዘው ደግሞ ማንም አይነሣ፣ ሁሉም ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ የጀልባው አፍንጫ ሞገዱን ፊት ለፊት ሳይሆን በትንሹ ሰያፍ ይቁረጠው። ጀልባው ከተገለበጠም ዳሩ ቅርብ ቢመስል እንኳ ጀልባውን ይዞ መቆየት ይበልጣል፤ የተገለበጠ የእንጨት ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ከዋናተኛ ራስ ቀድሞ ይታያል።

የደንገል ታንኳ ሌላ ብልሃት አለው። ደንገሉ ራሱ አየር የያዘ ስለሆነ ውኃ ቢገባበትም አይሰጥምም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር የተነሣባትን «ራ» ያሠራው ከጣና በመጣ ደንገል ነበር፤ በዓመቱ ሁለተኛዋ የደንገል መርከብ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሳለች። ይሁንና ደንገል ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ ካልደረቀ ከብዶ ዝቅ ይላል። የታንኳው ባለቤት «ዛሬ ሁለት ሰው አልጭንም» ካለ ክርክር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጃኬቱ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2022 የመዘገባቸው የጀልባ አደጋ ሟቾች ከአራቱ ሦስቱ የሞቱት በመስጠም ነው፤ ከሰጠሙት መካከል 85 ከመቶው ጃኬት አልለበሱም ነበር። ያውም ጃኬት ርካሽና በየሱቁ በሚገኝበት አገር። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ አንድ አዋቂ ራሱን ከውኃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ የማንሳፈፍ ኃይል ከ3 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው። የሚጎድለው ይህች ብቻ ናት። ጃኬት እስኪገኝ ድረስ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ ያህል ያንሳፍፋል፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ አጠገቡ ቢኖረው፣ ለሌላውም በገመድ ታስሮ የሚወረወር አንድ ቢዘጋጅ፣ ከባዶ እጅ የትና የት ይሻላል። ጀሪካን ግን የጃኬት ምትክ አይደለም። ጃኬቱም ከመሳፈር በፊት ተለብሶ፣ ተቆልፎ፣ ትከሻው ወደ ላይ ተስቦ ጆሮ ላይ የማይወጣ መሆኑ መታየት አለበት፤ ውኃ ውስጥ ከገቡ በኋላ መልበስ እጅግ ከባድ ነው። ቦት ጫማና ጋቢ ጀልባ ላይ አይመከሩም፤ ጋቢ ሲርስ ይከብዳል፣ እጅና እግርንም ያስራል። አረቄ ቀምሶ መቅዘፍ ደግሞ ጠጥቶ ሊማሊሞ ላይ ከመንዳት አይለይም።

ሰው ሲሰጥም ያየ ሰው ልቡ ዘለህ ግባ ይለዋል። በብዙ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ የሚወጣው በዚህ ነው። ሥልጠና የሌለው ሰው ቅድሚያ ዳር ቆሞ ዱላ ወይም ነጠላ ያቀብል፣ ካልደረሰ ጀሪካን ወይም ገመድ ይወርውር፣ ይጩህ። ገመዱን ወገቡ ላይ ግን አይሰር፤ የሚወርድ ውኃ የታሰረን ሰው ወደ ታች ይደፍቀዋል።

ከሰው ደኅንነት ባሻገር ዓሣውም ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሰሜንን ያቋረጠው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያን ለሳይንስ ያስተዋወቀ ሰው ነው፤ ከጣና ዓሦችም ብዙዎቹን መጀመሪያ የገለጸው እሱ ነበር፤ አንዷን ትንሽ ዓሣ በደምቢያ ስም ሰይሟታል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ውጭ የትም እንደማይገኝ ሁሉ፣ ጣና ውስጥም ሌላ ቦታ የሌሉ አሥራ አምስት ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና መገጭ ባሉ ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ። በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው እናቶቹን ከነእንቁላላቸው ይጠርጋል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው ምርት በሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። የተፈጨ ብርብራ ወንዝ ውስጥ መበተን ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። ዋልያን በጠመንጃው የሚጠብቅ አገር ነጭ ዓሣን በብርብራ ሊጨርስ አይገባውም። ለሀብቱ ጥበቃ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ መንጠቆ ይዞ መግባት ጨርሶ አይታሰብም።

በመንጠቆ ለመዝናናት የሚፈልግ ሰው በጋውን ይምረጥ፣ የሚበላውን ያህል ይያዝ፣ የቀረውን ይልቀቅ። ሲለቅም እጁን አስቀድሞ በውኃ ያርስ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልጋግ ይገፋል፣ ቁስሉም ይመረዛል። የቀረሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ አፏ ከሞላ ቶሎ መመለስ አለባት። አምባዛ ደረቱ ጎን ላይ ያለው እሾህ ይወጋል፤ ዓሣው ከውኃ ወጥቶም ረጅም ጊዜ በሕይወት ስለሚቆይ ሞቷል ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ከማጥመድ ጀልባ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ መሆን ይመረጣል፣ የገባም ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ጉማሬ ካለም ዳርቻውንና ጥልቁን ውኃ መለየት ያስፈልጋል፤ በጉማሬና በጥልቁ መካከል የተገኘ ጀልባ መንገዱን የዘጋበት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ገደማ ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆኑት በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። የእኛን መጠን ለማወቅ ጥሩ መነሻ አለን። ዳባት ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ፣ ሟቹ በምን እንደሞተም ቤተሰቡን ይጠይቃል። ወንዝ የወሰዳቸው፣ ኩሬ ውስጥ የቀሩ ልጆች ለብቻቸው ተለይተው ቢነገሩን፣ ድልድይ የት እንደሚቀድም፣ የትኛው ትምህርት ቤት መዋኘት ማስተማር እንዳለበት እናውቅ ነበር።

እስከዚያው ደባርቅ ያላችሁ አስጎብኚዎች፣ እንግዳ ይዛችሁ ጎርጎራ ስትወርዱ የጉዞውን ዋጋ ስትቆርጡ የጃኬቱን ኪራይ አብራችሁ ቁረጡ፤ ጃኬት የሌለው ባለጀልባ ሲያጋጥማችሁ እንግዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። የዳባትና የደባርቅ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ በሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ማዶ እረኝነት ሲሄዱ ደራሽ ቢመጣ የሚያድሩበትን ቤት ወንዙ ማዶ ከአሁኑ ተነጋግራችሁ ያዙላቸው።