አርክቴክቱ ራሳቸው የት ይኖሩ ነበር?

ካይሮ በገባን በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ በዓይናችን ሳይዞር ነጋ። ያረፍነው ናስር ከተማ በሚባለው አዲሱ ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቀን ፀሐይ የጠጣው ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ሲተፋ አደረ። መስኮቱን ስንከፍት ፊት ለፊት ያለው ቤተሰብ እራት ሲበላ ይታየናል፤ እነርሱም እኛን ያዩናል። አብረውን የተጓዙት እናት ሂጃባቸውን ማውለቅ አቅቷቸው፣ «ለመሆኑ ይህን የሠራው ሰው ራሱ ይኖርበታልን?» አሉ።

በማግስቱ ዙህርን በሱልጣን ሐሰን መስጂድ ሰገድን። ከዚያም ሰላሑዲን ወዳስጀመሩት ምሽግ ግርጌ አቀናን፤ ደርብ አል-ለባና ይባላል። ስመ ጥሩው የግብፅ አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1989 እስኪሞቱ ድረስ የኖሩት በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ፣ በአንድ የጥንት ቤት ውስጥ ነው። አዲስ ቤት መንደፍ ሥራቸው የሆነ ሰው!

ለምን እንደሆነ የገባን ግን በሌላ ሰፈር፣ በበይት አስ-ሱሐይሚ ነው። የዚህ ቤት ጥንታዊው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1648 የተሠራ ነው። ከደጃፉ ሲገቡ መተላለፊያው ይጠመዘዛል፤ አላፊ አግዳሚ የቤቱን ውስጥ አያይም። ሌሊት የወረደው ቀዝቃዛ አየር በግቢው ተኝቶ ረፋዱን ያሳልፋል። በግቢውና በጓሮው አትክልት መካከል ክፍት መቀመጫ አለ፤ ጓሮው ሲሞቅ ከጥላው ግቢ ነፋስ ይስባል፤ መብራት የለ፣ ሞተር የለ። መስኮቶቹን የሸፈነው ሙሽረቢያ የሚባለው የእንጨት ፍርግርግ ነው። ከውስጥ ያለው ውጪውን ያያል፣ አይታይም። እኚያ እናት ከዚያ ጀርባ ተቀምጠው አልነሳም አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ፈትሒን ብቻ አወድሰን ብናልፍ ግን ከፍትሕ መራቅ ይሆንብናል። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በሉክሶር አጠገብ ለጉርና ሰዎች አዲስ መንደር በጭቃ ጡብ ሠርተው ነበር፤ ጉልላቱን ያነሱት የኑቢያ ግንበኞች ናቸው፤ መስጂዱም ያማረ ነው። ሆኖም አብዛኛው ነዋሪ አልገባም አለ። እንጀራው ከጥንቱ መቃብርና ከጎብኚው ጋር የተያያዘ ነበርና መልቀቅ አልፈለገም፤ ጉልላትም በዓይኑ የሙታን እንጂ የሕያዋን ቤት ምልክት አልነበረም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1948 ቆመ። ስለዚህ የእናታችን ጥያቄ ግማሽ ነበር ማለት ነው፤ ሠሪው ቢወደውም ገቢው መጠየቅ አለበት።

ማታ ወደ ሰባተኛው ፎቅ ስንመለስ ይህን ነገርናቸው። እርሳቸው ግን እየሰሙን ነጠላቸውን መስኮቱ ላይ ወጠሩ። የነበረችውም ትንሽ ነፋስ ቀረች። ሂጃባቸውን አወለቁና ጋደም አሉ።