ከአክስቴ ጋር ወደ አማን ስታዲየም

ወደ ጆርዳን ልሄድ መሆኑን የሰማ ሁሉ ሁለት ነገር አደራ አለኝ፤ ከዮርዳኖስ ወንዝ ውኃ፣ ከፔትራ ፎቶ። ልጄ ግን ሻንጣዬን ስዘጋ ጠጋ ብላ፣ “እማዬ፣ እዚያ አገር ሴቶች ኳስ ይጫወታሉ?” አለችኝ።

አሥር ዓመቷ ነው። ጥያቄዋ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው የእግር ኳስ ሥልጠና ላይ አስመዝግቢኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ወራት አልፈዋል። እኔም “ፈተናሽን ጨርሺና እናያለን” እያልኩ አልፋታለሁ። እውነቱን ልናገርና ምክንያቱ ፈተናው አልነበረም። ጉልበቷ ሲቆስል፣ ፀሐይ ሲያጠቁራት፣ ዘመድ አዝማድ “ወንድ ልታደርጊያት ነው እንዴ?” ሲለኝ እየታየኝ ነው።

የሄድኩት ለሥራ ነው። ማርኬቲንግ ላይ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ኤግዚቢሽን ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ፈገግ እያሉ ቢዝነስ ካርድ ማደል ነው። ሐሙስ ዕለት ሲያልቅ በራሴ ወጪ ሁለት ቀን ጨምሬ ቀረሁ። የእናቴ ታናሽ እህት አማን ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ 12 ዓመት ሊሞላት ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ የታጨቀበት ካርቶን ይዤላት መጥቻለሁ። ዓርብ ደግሞ የዕረፍት ቀኗ ነው።

አማን ከሩቅ ስትታይ ነጣ ያለች ከተማ ናት። ቤቶቿ አብዛኞቹ በኖራ ድንጋይ የተለበጡ ስለሆኑ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲያርፍባቸው ዓይን ያጥበረብራል። በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች እንጦጦን ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ዳገቷ አያስደንቅም። ደረጃዎቿ ግን ያስደንቃሉ፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በድንጋይ ደረጃ እያለከለኩ ነው የሚወጣው። ታክሲ ስትይዙ የመንገድ ስም አትልፉ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የተቆጠሩ አደባባዮች አሉ፤ “ሦስተኛው አደባባይ” ካላችሁ በቂ ነው።

ከአክስቴ ጋር የተገናኘነው መሐል ከተማ፣ አሮጌው ገበያ አጠገብ ነው። ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ ፈላፍልና ሁሙስ በላን። ቀጥሎም ክናፌ የሚባለውን፣ ውስጡ አይብ ያለበትንና ሽሮፕ የሚፈስበትን ትኩስ ጣፋጭ ቆመን ቀመስን። ከዚያ 6,000 ያህል ሰው የሚይዘውን የሮማውያን ቴአትር አየን። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮረብታውን ፈልፍለው ነው የሠሩት። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ላይ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ። አንዷ ሴት ናት። የልጄን ጥያቄ ለአክስቴ ነገርኳት።

ሳቀች። “ነይ፣ የማሳይሽ ቦታ አለ” ብላ ታክሲ አስቆመች።

የወሰደችኝ አማን ኢንተርናሽናል ስታዲየም ነው። በንጉሥ ሁሴን ስም በተሰየመው የወጣቶች የስፖርት ማዕከል ውስጥ ይገኛል። የዚያን ቀን ጨዋታ ስላልነበረ በሩ ዝግ ነው። በአጥሩ በኩል እያየን ቆምን። “እዚህ ገብቻለሁ” አለችኝ። “ትኬት ይዤ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከ17 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ጆርዳን ውስጥ ተጀመረ። የፊፋ የሴቶች ውድድር በመካከለኛው ምሥራቅ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር። 16 ብሔራዊ ቡድኖች አማን፣ ዛርቃና ኢርቢድ ላይ ተጫወቱ። ከአፍሪካ ጋና፣ ናይጄሪያና ካሜሩን ነበሩ። አክስቴ የምትሠራበት ቤት ያኔ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ነበረች። እናትየው ሁለት ትኬት ሰጥታ፣ “ውሰጃትና አሳያት” አለቻት። እናቷ የሰጠቻት ትኬት ጆርዳን ከስፔን የሚጫወቱበት ነው።

“ስድስት ለዜሮ!” አለችኝ አክስቴ፣ እስከ ዛሬ እየገረማት። “እኔ አፍሬ ልጅቷን ቶሎ ይዣት ልወጣ ስል፣ እሷ እንዳሸነፈ ሰው ትዘላለች።”

የጆርዳን ልጆች ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸነፉ። በሜክሲኮ 4 ለ 1፣ በኒውዚላንድ 5 ለ 0። በጠቅላላው 15 ጎል ገባባቸው፣ አንድ አገቡ። ዋንጫውን የወሰደችው ጃፓንን በፍፁም ቅጣት ምት ያሸነፈችው ሰሜን ኮሪያ ናት። ከውድድሩ ብዙዎች የሚያስታውሱት ቬንዙዌላዊቷ ዴይና ካስቴላኖስ በካሜሩን ላይ ከመሐል ሜዳ መትታ ያስቆጠረቻትን ጎል ነው፤ የዓመቱ ምርጥ ጎል ለመባል ከወንዶቹ ጋር ተወዳድራ እስከ መጨረሻዎቹ ሦስት ደርሳለች።

ለዚህች ከተማ ግን ከጎሎቹ የሚበልጥ ነገር ነበር። በ2003 ዓ.ም. የኢራን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ለለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያ ከጆርዳን ጋር ሊጫወት እዚሁ አማን መጥቶ ነበር። ተጫዋቾቹ ፀጉራቸውን ሸፍነው ስለነበር ደንቡ አይፈቅድም ተብለው ሳይጫወቱ ቀሩ። ሜዳው ላይ ሲያለቅሱ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞረ። የጆርዳን እግር ኳስ ፌዴሬሽን መሪና ያኔ የፊፋ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ልዑል አሊ ደንቡ እንዲቀየር ተሟገቱ፤ በ2006 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ። ከዚያ በኋላ በተደረገው በዚህ ውድድር ላይ የጆርዳን ልጆች ሂጃብ ለብሰው ተጫወቱ። በፊፋ ውድድር እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። አልቅሰው የሄዱት ሴቶች በር ለታናናሾቻቸው የተከፈተው በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ ያውም በዚያችው ከተማ።

አክስቴ የምታሳድጋት ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሥልጠና ጀመረች። በሳምንት ሁለት ቀን ይዛት የምትሄደው አክስቴ ነበረች። ታኬታዋን ታስርላታለች፣ ውኃዋን ይዛ ዳር ላይ ትቀመጣለች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ቀነሰ።

“የኔዋ ደሴ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ለሴቶች ቡድን መርጠዋት፣ እናቴ ‘የሴት ልጅ ኳስ አልሰማሁም’ ብላ ከለከለቻት። ልጄ ደውላ አስፈቅጂልኝ አለችኝ። እኔም ‘አያትሽን ስሚ’ አልኳት።” ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል ቀጠለች። “የሰው ልጅ ውኃ ይዤ ሜዳ ዳር ተቀምጬ ነው እንዲያ ያልኳት፣ የኔ እናት።”

ምን እንደምላት አላወቅኩም። “እትዬ፣ ሩቅ ሆነሽ ምን ታደርጊ” አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። “ሩቅ ሆኜ እሺ ማለት አያቅተኝም ነበር።”

ሩቅ ያልሆንኩት እኔስ? ማታ ሆቴሌ ገብቼ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ለልጄ ሜዳውም፣ አሠልጣኙም፣ የመመዝገቢያው ገንዘብም አለ። የጎደለው የእኔ እሺታ ብቻ ነው።

የሀገራችን ከ17 ዓመት በታች ሴቶች እስካሁን ለዓለም ዋንጫ አልፈው አያውቁም። በ2016 ዓ.ም. በማጣሪያው እኛን ጥለው ያለፉት ኬንያውያን ለዋንጫው ደርሰዋል፤ በየትኛውም የፊፋ የዓለም ዋንጫ የተሳተፈ የመጀመሪያው የኬንያ ቡድን እነዚህ ልጃገረዶች ናቸው። ዛሬ ደግሞ ዕድሉ ሰፍቷል። ውድድሩ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን ቡድኖቹም 24 ሆነዋል፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. አዘጋጇ ሞሮኮ ናት። ልጄ እዚያ ትደርሳለች እያልኩ አይደለም። ምናልባት በሁለት ወር ይሰለቻትና ትተወው ይሆናል። ግን እሷ ትተወው እንጂ እኔ አላስተዋት።

ወደ አማን የምትሄዱ ካላችሁ ቴአትሩንም፣ ክናፌውንም አትለፉ፤ ጫማችሁ ግን ለደረጃ የሚሆን ይሁን። ዓርብ ዕለት ብዙ ሱቅ እስከ ቀትር ዝግ መሆኑንም አስቡ። እዚያ የምትሠራ ዘመድ ካለቻችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት የዕረፍት ቀኗን ጠይቁና ያን ቀን ለእሷ ስጡ።

ቅዳሜ ማታ ቤት ስደርስ ልጄ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። ሻንጣውን ሳትከፍት፣ “ይጫወታሉ?” አለችኝ።

“ይጫወታሉ” አልኳት። “የጫማ ቁጥርሽ ስንት ነው?”